«ጥንቃቄ ይደረግ»፤ በአሲድ ሥራ ክፍል ግድግዳ ላይ ስለሚለጠፍ ጽሑፍ የቀረበ ትችት

መግቢያ

ትችት ሲባል በመካከላችን ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው የግጥም፥ የልብ ወለድ ወይም የታሪክ መጽሐፍ ትችት ነው። እኛ ዛሬ ልንተች የተነሣነው ግን አምስት መሥመር ብቻ ያለውን፥ ደራሲው ያልታወቀውን፥ በግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ነው። ይህን ስንል አንዳንድ አንባቢ ፈገግ ሳይል እንደማይቀር እናውቃለን። ነገር ግን ግጥም በተሳሳተ መንገድ ቢነበብ የሚጠፋው የግጥሙ ጣዕም ነው፤ የአሲድ ማስጠንቀቂያ በተሳሳተ መንገድ ቢነበብ የሚጠፋው የሰው ዐይን ነው። ከሁለቱ የትኛው ይበልጥ ብርቱ ተቺ እንደሚያስፈልገው ለአንባቢያን ፍርድ እንተወዋለን።

ጽሑፉን ያገኘነው በአንድ ጋራዥ፥ የመኪና ባትሪ በሚሞላበት ክፍል ውስጥ ነው። ይህንኑ የመሰለ ጽሑፍ በሌላም ስፍራ ሁሉ የሚታይ ስለ ሆነ የጋራዡን ስም አንጠቅስም። ቃሉ እንዲህ ይላል፦

1ኛ. ጥንቃቄ ይደረግ።
2ኛ. አሲድ አደገኛ ነው።
3ኛ. የመከላከያ ልብስ ይደረግ።
4ኛ. ውኃ በአሲድ ላይ መጨመር ክልክል ነው።
5ኛ. አደጋ ሲደርስ በብዙ ውኃ መታጠብ።

ከበታቹም በቀይ መሥመር የተከበበ፥ በማዕዘኑ የቆመ ባለ አራት ማዕዘን ሥዕል አለ።

ከሩቅ ሲታይ ሐሰት የሚባል መሥመር የለበትም። ሆኖም ማንኛውም ጽሑፍ በሚመረመርበት መንገድ፥ ይኸውም የሚናገረው ማን ነው፥ የሚናገረው ለማን ነው፥ ምን እንዲደረግለት ይፈልጋል፥ አንባቢውስ የተባለውን ለማድረግ ይችላልን ብለን በጠየቅነው ጊዜ፥ ለአራቱ ጥያቄ አንድም በቂ መልስ አላገኘንበትም። የዚህ ትችት አሳብ በአጭሩ ይህ ነው፤ ጽሑፉ የተጻፈው ማስጠንቀቂያ መሰጠቱ እንዲታይ ነው፤ ሠራተኛውን ለማዳን ከተጻፈ ግን ሌላ መልክ ሊኖረው ይገባው ነበር።

ባለቤት ስለሌለው ግሥ

በመጀመሪያው መሥመር «ይደረግ» የተባለው ግሥ ተደራጊ ነው፤ አድራጊው አልተነገረም። ሦስተኛውም እንደዚሁ ነው። «የመከላከያ ልብስ ይደረግ» ሲባል ልብሱን የሚገዛው ማን ነው? የሚያድለው ማን ነው? ሲቀደድ የሚለውጠው ማን ነው? የሚለብሰውስ ማን ነው? አሠሪው ሲያነብበው «ሠራተኛው ይልበስ ማለት ነው» ይላል። ሠራተኛው ሲያነብበው «አሠሪው ያቅርብ ማለት ነው» ይላል። ሁለቱም አልተሳሳቱም፤ ጽሑፉ ሁለቱንም ያስብላልና። አንድ ሰው በተጎዳ ጊዜ ግን ሁለቱም ወደ አንዱ መሥመር እያመለከቱ ይከራከሩበታል።

ሕጉ ከዚህ የተሻለ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 የአሠሪውን ግዴታ፥ በአንቀጽ 93 ደግሞ የሠራተኛውን ግዴታ ለየብቻ አስቀምጧል። ሠራተኛውን ስለ ሥራው አደገኛነትና ስለ ጥንቃቄው ማስተማር፥ የመከላከያ መሣሪያም ማቅረብ የአሠሪው ነው፤ የቀረበለትን በሚገባ መጠቀም፥ ጉድለት ያየ እንደ ሆነም ማስታወቅ የሠራተኛው ነው። አዋጁ ለእያንዳንዱ ግሥ ባለቤት ሰጥቶታል። ከአዋጁ ወደ ግድግዳው ሲወርድ ባለቤቱ በመንገድ ላይ ጠፋ።

ይህ የአማርኛ ጠባይ ነው፥ በ«አንተ» እና በ«እርስዎ» መካከል መምረጥ ስለሚያስቸግር ጸሐፊው ማንንም ላለማስቀየም ብሎ ተደራጊውን መረጠ የሚል መከራከሪያ ሊቀርብ ይችላል። መከራከሪያው እውነትነት አለው፤ በአንድ ክፍል ውስጥ አዛውንቱም ልጅ እግሩም ይሠራሉና። ነገር ግን «ያድርጉ» የሚለው ቃል አክብሮትንም ባለቤትንም አንድነት ይዟል፤ ሥራው የአለቃው በሆነ ጊዜም «ኃላፊው ያቀርባል» ብሎ መጻፍ ማንንም አያስቀይምም። ደግሞስ ስለ እሳት በየቤታችን የሰማነው ቃል እንዴት ያለ ነበር? ልጁ ወደ ምድጃው ሲጠጋ «ጥንቃቄ ይደረግ» የምትል እናት አናውቅም። «ልጄ፥ ድስቱ ትኩስ ነው፤ በጨርቅ ያዘው» ትላለች። በዚህች አጭር ንግግር ውስጥ የሚሠራው ሰው ተጠርቷል፤ ምክንያቱ ተነግሯል፤ መሣሪያውም ተሰጥቷል። እኛ ከግድግዳው ጽሑፍ የምንፈልገው ከዚህ የበለጠ አይደለም።

ስለ አንድ ስምና ስለ ብዙ ነገር

ሁለተኛው መሥመር «አሲድ አደገኛ ነው» ይላል። የትኛው አሲድ? በየሥራው ቤት በዚህ በአንድ ስም የሚጠሩት ነገሮች ጠባያቸውም የሚፈልጉት ጥንቃቄም የተለያየ ነው።

የሰልፈሪክ አሲድ ባትሪ ውስጥ የሚገባው፥ ቆዳ ፋብሪካም ቆዳ ለማዘጋጀት ከጨው ጋር የሚጠቀምበት ነው። ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ በአዋሽ መልካሳ ይህንኑ አሲድና ለመጠጥ ውኃ ማጣሪያ የሚሆነውን አሉሚኒየም ሰልፌት የሚሠራ ፋብሪካ ተቋቁሟል። ያልተበረዘው ሰልፈሪክ አሲድ እንደ ዘይት የወፈረ ነው፤ ከውኃ ጋር የመዋሐድ ፍላጎቱ ብርቱ ስለ ሆነ ከሥጋም ከልብስም ውኃውን ይመጠምጣል፤ ሲዋሐድም ብዙ ሙቀት ያወጣል።

የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ሴራሚክ ላይ የደረቀ ሲሚንቶ ለማስለቀቅና መጸዳጃ ቤት ለማጠብ ይውላል። ይህኛው በዕቃው ውስጥ ተከድኖ እንኳ አያርፍም፤ ክዳኑ ሲነሣ ተኑ አፍንጫና ጉሮሮን ይለበልባል።

የናይትሪክ አሲድ ወርቅን ከብርና ከመዳብ ለመለየት የሚያገለግል ነው። ቆዳን ሲነካ ብጫ ምልክት ይተዋል፤ ብረት ሲበላም ቡናማ ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ አታላይ ነው፤ የተነፈሰው ሰው ጥቂት ስሎ ወደ ቤቱ ይሄድና ከሰዓታት በኋላ ሳንባው ውኃ ሊቋጥር ይችላል። አሊስ ሐሚልተን የተባለችው አሜሪካዊት ሐኪም በ1ኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የፈንጂ ፋብሪካዎችን ልትመረምር በተላከች ጊዜ፥ ስፍራቸው በግልጽ ስላልተነገራት፥ ይህንኑ ከሩቅ የሚታይ ብጫና ብርቱካንማ ጭስ እየተከተለች ታገኛቸው እንደ ነበር እ.ኤ.አ. በ1943 በታተመው የሕይወት ታሪኳ ተርካለች።

የሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ደግሞ ከሁሉ የተለየ ነው። መስተዋት ይበላል፤ አንዳንድ የዝገት ማስለቀቂያም ውስጥ ይገኛል። የተበረዘው በነካ ጊዜ ሕመሙ ወዲያው ላይሰማ ይችላል፤ አሲዱ ግን በቆዳ ውስጥ እየሰረገ ገብቶ የሰውነትን ካልሲየም ይይዛል፤ ብዙ ከሆነም ልብን ያውካል። ለዚህኛው ውኃ ብቻውን አይበቃም፤ ካልሲየም ግሉኮኔት የተባለው ቅባት በአጠገብ መኖር አለበት፤ ወደ ሐኪምም ሳይዘገዩ መሄድ ያስፈልጋል።

እንግዲህ እነዚህን አራቱን «አሲድ አደገኛ ነው» በሚለው አንድ መሥመር ማጠቃለል፥ እባብንም ጅብንም «አውሬ አደገኛ ነው» ብሎ እንደ ማለፍ ነው። ከአንዱ የሚያድነው ከሌላው አያድንም።

የስሙ ነገር በዚህም አያበቃም። ለባትሪ የሚጨመረውን የተጣራ ውኃ ሰው በልማድ «የባትሪ ውኃ» ይለዋል፤ አሲዱንም በዚሁ ስም የሚጠራ አለ። ሁለቱም መልካቸው እንደ ንጹሕ ውኃ ነው። አሲዱ ከትልቁ ዕቃ እየተቀነሰ «ሃይላንድ» በምንለው ባዶ የመጠጥ ውኃ ጠርሙስ ውስጥ ሲቀመጥ፥ ስሙም መልኩም ዕቃውም ሦስቱ ተባብረው «ጠጣኝ» ይላሉ። በግድግዳ ላይ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ከጠርሙሱ ጋር አብሮ አይሄድም። ስለዚህ ቃሉ መጻፍ ያለበት በዕቃው ላይ ነው፤ የመጠጥ ዕቃም ለአሲድ ፈጽሞ መዋል የለበትም።

ለጽዳት ሠራተኞችም ይህ ያው ነው። በመጸዳጃ ቤት ማጠቢያው ውስጥ ያለው አሲድ ከበረኪና ጋር በአንድ ባልዲ ቢገናኝ ክሎሪን የተባለው መርዘኛ ጋዝ ይወጣል። ሁለቱን «የጽዳት ዕቃ» ብሎ በአንድ ስም የሚጠራ ሰው ግን ቢያቀላቅላቸው ጽዳቱ የሚበረታ ይመስለዋል።

ምክንያቱ ስላልተነገረው ክልከላ

ስለ አራተኛው መሥመር ለመጠየቅ ወደ ሥራው ባለቤት ሄድን። በክፍሉ ውስጥ ብዙ ዓመት ባትሪ የሠሩ፥ ረዳቶቹ «ጋሼ» የሚሏቸው አንድ አዛውንት አሉ። ስለ ጽሑፉ ምን እንደሚሉ በትሕትና ጠየቅናቸው።

«እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፥ እናንተው ፍረዱ» አሉን። «ወረቀቱ በአሲድ ላይ ውኃ መጨመር ክልክል ነው ይላል። እኔ ግን በየቀኑ የጎደለ ባትሪ ሲመጣልኝ ክዳኑን ከፍቼ ውኃ እጨምርበታለሁ፤ ሥራዬ እሱ ነው። እንግዲህ ወይ እኔ አጥፍቻለሁ፥ ወይ ወረቀቱ አጥፍቷል።»

ይህ ከኛ ትችት ሁሉ የበለጠ ትችት ነው። ነገሩን በቅርብ ስንመረምረው አዛውንቱ አላጠፉም። ያልተበረዘው ሰልፈሪክ አሲድ እፍጋቱ 1.84 ያህል ነው፤ ውኃ 1 ነው። ውኃ በላዩ ሲፈስስበት ቀሎ ከላይ ይንሳፈፋል፤ ሁለቱ በሚነካኩበት ስፍራ የሚወጣው ሙቀት ያን ጥቂት ውኃ በቅጽበት ያፈላውና አሲዱን ይዞ ወደ ሠራተኛው ፊት ይረጫል። አሲዱ ጥቂት በጥቂት በብዙ ውኃ ላይ ሲፈስስ ግን ከብዶ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሙቀቱም በብዙው ውኃ ውስጥ ይበተናል። በተሞላ ባትሪ ውስጥ ያለው አሲድ ቀድሞ የተበረዘ ነው፤ እፍጋቱም 1.28 ያህል ስለ ሆነ የጎደለውን በተጣራ ውኃ መሙላት እንዲህ ያለውን መፍላት አያመጣም። ስለዚህ ክልከላው ስለ ያልተበረዘው አሲድ እውነት ነው፤ ስለ ባትሪው ግን አይደለም። ጽሑፉ ሁለቱን ሳይለይ በደፈናው ስለ ከለከለ፥ በየቀኑ ሥራውን በሚገባ የሚሠራውን ሰው ሕግ አፍራሽ አደረገው። አንድን ትእዛዝ በየቀኑ ለመጣስ የተገደደ ሰው ደግሞ የቀሩትንም ትእዛዞች መናቅ ይለምዳል። የአራተኛው መሥመር ትልቁ ጉዳት ይህ ይመስለናል።

አዛውንቱ ቀጥለው የቀኝ ክንዳቸውን እጅጌ ሰብሰብ አድርገው የቆየ ጠባሳ አሳዩን። «ረዳት ሳለሁ ነው» አሉ። «ውኃ እንዳትጨምር ብለውኝ ነበር። ለምን እንደ ሆነ ግን አልነገሩኝም። አንድ ቀን አለቃዬ ሳይኖር ቸኮልሁና ጨመርሁ።»

ለምን ጨመሩ? ይህን ለመረዳት ወደ ማዕድ ቤት መለስ ማለት ይበቃል። ዱቄት ሲቦካ፥ በሶም ሲበጠበጥ፥ አስቀድሞ በዕቃው የሚቀመጠው ዱቄቱ ነው፤ ውኃው እየተመጠነ በላዩ ይፈስሳል። እጃችን ከልጅነት ጀምሮ የለመደው ይህን ነው። የአሲዱ ሕግ ከዚህ ልማድ ጋር ይቃረናል። ከልማድ ጋር የሚቃረን ትእዛዝ ምክንያቱ ካልተነገረው፥ አለቃው ዘወር ባለ ሰዓት እጅ ወደ ለመደው ይመለሳል። ስለዚህ «ውኃው ይፈላና ወደ ፊትዎ ይረጫል» የሚሉት ጥቂት ቃላት ጌጥ አይደሉም፤ ትእዛዙ እንዲታወስ የሚያደርጉት እነርሱ ናቸው።

በዚህ ክፍል ስለ ባትሪ ከተነሣ ዘንድ አንድ የተረሳ ነገር እናክላለን። ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን ያወጣል። ይህ ጋዝ ከአየሩ 4 ከመቶ ያህል ከሆነ ከእሳት ጋር ሲገናኝ መፈንዳት ይችላል፤ የፈነዳ ባትሪም አሲዱን ይረጫል። ጽሑፉ ስለ ሲጋራም ስለ መስኮትም አንድ ቃል አልተናገረም።

ስለ ሥዕሉ

ከጽሑፉ በታች ያለው ሥዕል የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ለኬሚካሎች ምደባና ምልክት ካወጣውና እ.ኤ.አ. በ2003 ለመጀመሪያ ጊዜ ከታተመው ሥርዓት የተወሰደ ነው። ከሁለት የመስተዋት ቱቦዎች የሚንጠባጠብ ፈሳሽ አንዱን እጅና አንዱን ብረት ሲበላ ያሳያል። ማንበብ ለማይችል ሰው፥ የጽሑፉንም ቋንቋ ለማያውቅ ሰው፥ እንዲህ ያለ ሥዕል ትልቅ ጥቅም አለው። ሥዕሉን ያሰቡትን ሰዎች እናመሰግናለን።

ሆኖም እንደ ተቺ አንድ ነገር ማለት ይገባናል። በሥርዓቱ መሠረት ይህ ሥዕል በዐይን ላይ የሚደርሰውን ከባድ ጉዳት ጭምር እንዲያመለክት የተወሰነ ሲሆን፥ በሥዕሉ ውስጥ ግን ዐይን የለም። እጅ የተቃጠለ ሰው ብዙውን ጊዜ ጠባሳ ይዞ ይሠራል፤ ዐይኑ የጠፋ ሰው ግን ምትክ የለውም። ሥዕሉን ብቻ ያየ ሰው ጓንት ፈልጎ መነጽር ቢረሳ ሊፈረድበት አይችልም። ሥዕሉን መለወጥ የኛ ሥልጣን አይደለም፤ ከአጠገቡ «ዐይንዎን ይሸፍኑ» ብሎ መጻፍ ግን የማንም ጸሐፊ ሥልጣን ነው።

ስለ ብዙው ውኃ

አምስተኛው መሥመር «በብዙ ውኃ መታጠብ» ይላል። ምክሩ ትክክል ነው። አሲድ በነካ ጊዜ የመጀመሪያው መድኃኒት ውኃ ነው፤ ከዚያ የሚቀድም የለም። ቅቤ፥ ሊጥ ወይም የጥርስ ሳሙና መቀባት አሲዱን በሥጋ ላይ ከድኖ ያቆየዋል፤ ሶዳ በቆዳ ላይ ማድረግም አሲዱን አጠፋለሁ ሲል ሌላ ሙቀት ይጨምራል፤ ሶዳ የሚጠቅመው በወለል ላይ ለፈሰሰው ነው። እዚህ ድረስ ከጽሑፉ ጋር አንጣላም።

ነገር ግን «ብዙ» ማለት ስንት ነው? ከየትስ ይመጣል? ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ቧንቧው ደርቆ የሚውልበት ቀን አለ። በአሜሪካ የሚሠራበት የአደጋ ጊዜ መታጠቢያ ደረጃ ለዐይን በደቂቃ 1.5 ሊትር ውኃ ለ15 ደቂቃ ሳያቋርጥ እንዲፈስስ፥ መታጠቢያውም በ10 ሴኮንድ ውስጥ የሚደረስበት እንዲሆን ይጠይቃል። ይህን ስናባዛው 22.5 ሊትር ይሆናል። እነሆ፥ በየቤቱ የምናውቀው ባለ 25 ሊትር ጀሪካን ይህን ያህል ውኃ ይይዛል። ከታች ቧንቧ ተገጥሞለት፥ በንጹሕ ውኃ ተሞልቶ፥ ከአሲዱ ጥቂት እርምጃ ርቆ በከፍታ ላይ ቢቀመጥ፥ እውነተኛውን መታጠቢያ አይተካም፤ ከደረቀ ቧንቧ ግን እጅግ ይሻላል።

ለመላ ሰውነት ያለው ሒሳብ ሌላ ነው። ያው ደረጃ ለገላ መታጠቢያው በደቂቃ 76 ሊትር ያህል ይጠይቃል፤ በ15 ደቂቃ ከ1,100 ሊትር ይበልጣል። ባለ 200 ሊትር በርሜል ለ3 ደቂቃ እንኳ አይደርስም ማለት ነው። ስለዚህ የምንደርስበት ፍርድ ከባድ ነው፤ ይህን ያህል ውኃ በሌለበት ክፍል ያልተበረዘ አሲድ በብዛት መገልበጥ አይገባም። የተበረዘውን ገዝቶ መጠቀም ይሻላል። ውኃው ሳይቆጠር «በብዙ ውኃ መታጠብ» ብሎ መጻፍ፥ ወንዝ በሌለበት አገር «ዋኝተህ ተሻገር» እንደ ማለት ነው።

ስለ ራሳችን

እስካሁን የተናገርነው ስለ ሌላ ሰው ጽሑፍ ነው። አሁን ስለ ራሳችን አንድ ነገር እንናዘዛለን።

በዚያ ክፍል ውስጥ ስንቆም አዛውንቱ አሲድ ሊገለብጡ ነበር። በሚስማር ላይ ተንጠልጥሎ የነበረው የዐይን መከላከያ መነጽር አንድ ብቻ ነበር። አንሥተው በሽርጣቸው ወለወሉትና «እንግዳ ናችሁ፥ ከናንተ አንዱ ያድርገው» ብለው ዘረጉልን። እኛም ተቀበልን። ከመካከላችን አንዱ መነጽሩን አድርጎ ማስታወሻ ሲጽፍ፥ እርሳቸው ዐይናቸውን ጠበብ አድርገው፥ ፊታቸውን ወደ ጎን መለስ አድርገው አሲዱን ገለበጡ። ስለ ግሡ ባለቤት ልንጽፍ የሄድን ሰዎች መነጽሩ የማን እንደ ሆነ ለመጠየቅ ያሰብነው ወደ ኮሌጁ ስንመለስ በመንገድ ላይ ነው። ደግነታቸውን ከማክበር ይልቅ ዐይናቸውን ማክበር ይገባን ነበር።

ይህን የምንጽፈው ለጸጸት ብቻ አይደለም። ከዚህ ኮሌጅ የሚወጡ ተማሪዎች ነገ የፋብሪካ ኃላፊ፥ የቤተ ሙከራ አስተማሪ፥ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ይሆናሉ። ያን ጊዜ በግድግዳው ላይ የሚለጠፈውን የሚጽፉት እነርሱ ናቸው። «ጥንቃቄ ይደረግ» ብለው ፈርመው ቢያልፉ ከኛ የተማሩት እንዳይሆን እንሰጋለን። በርናርዲኖ ራማዚኒ የተባለው ኢጣልያዊ ሐኪም ስለ ሠራተኞች በሽታ እ.ኤ.አ. በ1700 ባሳተመው መጽሐፍ፥ ሐኪሞች በሽተኛውን ሥራው ምን እንደ ሆነ እንዲጠይቁ መክሯል። ለማስጠንቀቂያ ጸሐፊም ከዚህ የተሻለ ምክር አናውቅም። አስቀድሞ ወደ ክፍሉ ይግባ፤ የሚሠራውን ሰው ይጠይቅ፤ ከዚያ ይጻፍ። አዛውንቱ ስንሰናበታቸው «ወረቀቱ ከተለጠፈ ጀምሮ ስለሱ የጠየቀኝ ሰው እናንተ ናችሁ» ብለውናል።

መደምደሚያ

የነቀፈ ሰው የተሻለ ማሳየት ይገባዋል። ስለዚህ ለዚያ ክፍል የሚስማማ መስሎ የታየንን ከዚህ በታች እናቀርባለን።

«ይህ ዕቃ ያልተበረዘ ሰልፈሪክ አሲድ ይዟል። ዐይን ያጠፋል፤ ሥጋ ይበላል።
የጋራዡ ኃላፊ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የዐይን መነጽር፥ የጎማ ጓንትና የጎማ ሽርጥ ይሰጣል። ካልተሰጠዎ አሲዱን አይንኩ።
ሲበርዙ ውኃውን አስቀድመው በዕቃው ያድርጉ፤ አሲዱን ጥቂት በጥቂት በውኃው ላይ ያፍስሱ። ውኃ ከላይ ቢጨምሩ ይፈላና ወደ ፊትዎ ይረጫል።
በባትሪ ውስጥ ያለው የተበረዘ ስለ ሆነ የጎደለውን በተጣራ ውኃ መሙላት ይችላሉ፤ መነጽርዎን ግን አያውልቁ።
ባትሪ ሲሞላ መስኮቱን ይክፈቱ፤ እሳትና ሲጋራ አያቅርቡ።
አሲድ በመጠጥ ጠርሙስ አያስቀምጡ።
አሲድ ቢነካዎ የነካውን ልብስ ወዲያው ያውልቁ፤ 15 ደቂቃ ሳያቋርጡ በውኃ ይጠቡ፤ ለዐይን ጀሪካኑ በበሩ አጠገብ ነው። ከዚያ ወደ ሐኪም ቤት ይሂዱ።
ጀሪካኑን በየጠዋቱ ረዳቱ ያድሰዋል፤ መታደሱን ኃላፊው ያያል።»

ይህ ከመጀመሪያው ይረዝማል፤ እናውቃለን። ከጽሑፍ የሚቀድሙ ነገሮች እንዳሉም አንዘነጋም። የተበረዘ አሲድ መግዛት፥ ክፍሉን አየር እንዲያገኝ ማድረግ፥ ዕቃውን ሳያነሡ የሚገለብጥ መሣሪያ ማዘጋጀት፥ እነዚህ ሁሉ ከማናቸውም ወረቀት ይበልጣሉ። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ስለ እንዲህ ያለው ነው። ሆኖም ወረቀት ከተለጠፈ ዘንድ የሚያነብበውን ሰው የሚያውቅ ወረቀት ይሁን።

የጻፍነውን ቅጂ ለአዛውንቱ ወስደን አንብበንላቸዋል። ካዳመጡ በኋላ ያረሙን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «መነጽር» የሚለው መሥመር ከሁሉ በላይ እንዲወጣ ፈለጉ። እርማታቸውን ተቀብለናል። ይህን ጽሑፍ የሚያነብቡ መምህራንና ጓደኞቻችንም የሳትነውን ቢያርሙልን፥ በየሥራው ስፍራ ያዩትንም ማስጠንቀቂያ እንደዚሁ መርምረው ቢጽፉልን ደስታችን ታላቅ ነው።